እናት፣ አደራና የማላውቀው ሕፃን፦ 250 ዶላር ይዞ ሥነ ምግባር መምረጥ

ደሞዝ በገባ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡናዬን ይዤ 250 ዶላር በሐሳቤ ሦስት ቦታ ልቆርስ ተቀመጥኩ።

አንደኛው ለእናቴ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቷን ከመንግሥት ፋርማሲ ስታጣ ከግል ትገዛለች። ዋጋው ደግሞ በየወሩ ሌላ ነው።

ሁለተኛው አደራ ነው። ከአገር ልወጣ ስል ጎረቤታችን እትዬ ከመቀነታቸው ፈትተው ብር ሰጡኝ። «ሲያልፍልህ ልጄን እንዳትረሳ» አሉ። «እናቴን!» ብዬ ማልኩላቸው። እትዬ ዐርፈዋል። ልጃቸው አሁን ኮሌጅ ናት። ስለዚያ ቃል አታውቅም። ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም።

ሦስተኛው ስሙንም አገሩንም ለማላውቀው ሕፃን ነው። ወባ የሚገድለው ሕፃን። በመድኃኒት የተነከረ አንድ አጎበር ከነማድረሻው አምስት ስድስት ዶላር ገደማ ይፈጃል። ገንዘቡ በሙሉ እዚያ ቢሄድ አርባ ያህል አጎበር ይሆናል።

ዝም ብሎ በቁጥር ከተኬደ አጎበሩ ያሸንፋል። እጄ ግን ሁሌም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እናቴ ነው፤ ያውም ሳያስብ። የተሳሳተው እጄ ነው ወይስ ሒሳቡ?

ፈላስፎች ይህን ጠብ ካነሡት ቆይተዋል። በአንድ በኩል ውጤት ተኮር ሥነ ምግባር አለ። አንድ ሥራ ትክክል የሚሆነው ከሚቻሉት ሁሉ የተሻለ ውጤት ሲያመጣ ነው ይላል። ውጤቱ ሲመዘን ደግሞ የእኔ እናትና የሌላው እናት እኩል ናቸው። በሌላ በኩል ዝምድና፣ ወዳጅነትና ቃል ኪዳን አሉ። ችግሩ ከውጤት ተኮሩ ሥር ብዙ ቅርንጫፍ ወጥቷል። ሰዎች የቱን እንደያዙ ሳይነጋገሩ ይከራከራሉ። አንዱ «ሒሳብ ነው» ይላል፣ ሌላው «ሰው ነኝ» ይላል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አምስት አማራጮችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

## በምን እንለካቸው?

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት መለኪያዬን ላሳያችሁ። እያንዳንዳቸውን አራት ነገር እጠይቃቸዋለሁ።

ልክ አለው ወይ? አርባውን አጎበር ከገዛሁ በኋላ አርባ አንደኛው አለ። ከዚያ አርባ ሁለተኛው። አስተሳሰቡ የሆነ ቦታ ላይ «በቃ፣ ድርሻህን ተወጥተሃል፤ ሂድና ከልጆችህ ጋር ተጫወት» ይላል ወይ? ወይስ ነፍስ እስክትወጣ ያስሮጣል?

የታመመ ሰው አጠገብ ስንቆም ምን እንድናስብ ያደርገናል? ይሄን ቀረብ ብለን እንየው። ወዳጃችሁ ሆስፒታል ተኝቷል። በፔርሙዝ አጥሚት፣ በፌስታል ብርቱካን ይዛችሁ ገባችሁ። ወንበር የለም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጣችሁ። «ምነው፣ ከሥራ ወጥተህ ይሄን ሁሉ መንገድ!» ይላል ደስ ብሎት። እናንተም «ኧረ ምንም አይደል፤ ሳሰላው ዛሬ ከሁሉ የበለጠ ጠቅላላ ደስታ የሚያመጣው አንተን መጠየቅ ሆኖ አገኘሁት» አላችሁት። ብርቱካኑን አንሥቶ ባይወረውርባችሁ ጨዋ ነው። ማይክል ስቶከር የተባለ ፈላስፋ በ1976 ተቀራራቢ ምሳሌ አቅርቦ ነበር። ሰውየው የሠራው ሥራ ጥሩ ነው፤ መጥቷል፣ አጥሚቱም ትኩስ ነው። የጎደለው ምክንያቱ ላይ ነው። በሽተኛው የፈለገው «ስለ አንተ ብዬ ነው» የሚለውን ነበር።

አደራ ይጣልበታል ወይ? በአማርኛ ከከባዶቹ ስድቦች አንዱ «አደራ በላ» ነው። ከሌባም ይከፋል። ሌባ ያልሰጡትን ነው የሚወስደው። አደራ የሚፈተነው ደግሞ የሚያይ ሰው በሌለበት ነው።

ለባዳ በር ይከፍታል ወይ? ይህን መለኪያ ሆን ብዬ ነው የጨመርኩት፤ እኛ የምንወድቀው እዚህ ላይ ነውና። «ሰው አለህ?» ተብሎ ያልተጠየቀ አለ? ቢሮ መስኮት ላይ ሰው የሌለው ሰው ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን። ለእኔ «ዝምድና» የሆነው ለሌላው የተዘጋ በር ነው።

## አማራጭ 1፦ በቀጥታ ማስላት

በየድርጊቱ ቆም ብላችሁ «ከሁሉ የተሻለ ውጤት የሚያመጣው የቱ ነው?» ትላላችሁ። መልሱን ታደርጋላችሁ። አለቀ። የዚህ መንገድ አባት የሚባለው ጄረሚ ቤንታም ነው። እስከ ጫፉ የወሰደው ግን ሌላ እንግሊዛዊ፣ ዊልያም ጎድዊን ነው።

ጎድዊን በ1793 እንዲህ ያለ ፈተና አወጣ። ቤት እየነደደ ነው። ውስጡ የካምብሬው ሊቀ ጳጳስ ፌኔሎንና አንዲት የቤት ሠራተኛ አሉ። የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። የፌኔሎን ጽሑፍ ብዙ ሺህ ሰው ይጠቅማል፤ ስለዚህ እሱ ይውጣ አለ። ሠራተኛዋ ሚስትህ ብትሆንስ? እናትህስ? ያው ነው አለ ጎድዊን። «የእኔ» የምትለው ቃል እውነትን የምትገለብጥ አስማት የላትም።

አንባቢው ተንጫጫ። በ1796ቱ እትም ሴቲቱ ሠራተኛ ወንድ አሽከር ሆነች፤ በሚስትና በእናት ፈንታ ወንድምና አባት ገቡ። ወንድ ሲሆን የሚቀልለው ለምን እንደሆነ እንጃ። በ1797 ጎድዊን ሜሪ ዎልስቶንክራፍትን አገባ። በዚያው ዓመት ልጃቸውን በወለደች በቀናት ውስጥ ሞተችበት። ቆየት ብሎ ለቤተሰብ ፍቅር ቀድሞ ከሰጠው የበለጠ ቦታ እንደሚገባው በጽሑፍ አምኗል።

በእኛ ዘመን የዚህ ወገን ብርቱ ድምፅ አውስትራሊያዊው ፒተር ሲንገር ነው። የምሥራቅ ቤንጋል (የዛሬዋ ባንግላዴሽ) ስደተኞች በረሃብና በበሽታ ሲያልቁ የጻፈው ጽሑፍ በ1972 ታተመ። ሕፃን ኩሬ ውስጥ ሲሰጥም እያያችሁ «ልብሴ ይጨቀያል» ብላችሁ ታልፋላችሁ? አታልፉም። ታዲያ ሕፃኑ ከኩሬው ይልቅ በሌላ አህጉር ቢሆን ምን ይለወጣል? ርቀት ምክንያት አይሆንም ይላል ሲንገር። ይህን ጥያቄ ካነበብኩ ዓመታት አልፈዋል፤ እስካሁን ጥሩ መልስ የለኝም።

ሲንገር እናቱ የመርሳት በሽታ ሲይዛቸው ለእንክብካቤያቸው ብዙ ገንዘብ አወጣ። ተቺዎቹ «ያዝንህ!» አሉ። እኔ ነገሩን እንደ ቅሌት አላየውም። እናቱን ባይጦር ኖሮ ነበር የምሸሸው። ግን አንድ ነገር ይነግረናል። አስተሳሰቡን በተግባር መኖር ለደራሲውም ከብዷል።

በመለኪያዎቻችን ስናየው ለባዳ በር በመክፈት የሚያህለው የለም። ልክ ግን የለውም። የታመመ ሰው አጠገብ ደግሞ ያው የብርቱካኑ ጉድ ነው። አደራስ? አስሊው ሰው ብዙውን ጊዜ ቃሉን ይጠብቃል፤ ቃል ሲፈርስ መተማመን ይፈርሳልና ውጤቱ መጥፎ ነው። የእትዬ አደራ ላይ ግን ይንሸራተታል። ሰጪዋ የሉም። ተቀባይዋ አታውቅም። የሚፈርስ መተማመን የለም። ስለዚህ አጎበር ይገዛበት።

ለፍትሕ ያህል አንድ መከላከያ ላንሣለት። ፍራንክ ጃክሰን በ1991 ሲጽፍ ፖሊሶች ብዙ ሕዝብ ሲጠብቁ ሜዳውን ለምን እንደሚከፋፈሉ አስታውሷል። ሁሉም ሁሉንም ቦታ ልጠብቅ ቢል ትርምስ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ያውቃል። ቤተሰብም እንደዚያ ነው። እናቴ የትኛው ኪኒን እንደማይስማማት የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ አስሊውም ቢሆን ለቅርብ ሰው እንዲያደላ በቂ ምክንያት አለው። ጥሩ ነጥብ ነው። ግን የአጎበሩ ጥቅም ተጠንቶ በታወቀበት ዘመን ያን ያህል ሩቅ አይወስድም።

## አማራጭ 2፦ በደንብ መመራት

እዚህ የሚሰላው ድርጊቱ ሳይሆን ደንቡ ነው። «ሁሉም ሰው ቢቀበለው ከሁሉ የተሻለ ውጤት የሚያመጣው የትኛው ደንብ ነው?» ትላላችሁ፤ ከዚያ ደንቡን ትከተላላችሁ። ልጅ ወላጁን ይጡር። ቃል ይከበር። ያለው ለሌለው ያካፍል። በ2000 ይህን አቋም በሰፊው የተከላከለው ብራድ ሁከር ነው።

ለእኛ አዲስ አይደለም፤ እድር አለንና። እድር ድንኳን ሲተክል ሟቹ ይህን ያህል ወጪ ይገባው እንደሆነ ቁጭ ብሎ አያሰላም። መዋጮ ከፍሏል? ደንቡ ይፈጸማል። ለእያንዳንዱ ሐዘን ኮሚቴው ቢሰበሰብና «ይሄ ድንኳን ሌላ ቦታ የበለጠ ይጠቅም ነበር» ቢል እድሩ በዓመቱ ይፈርሳል።

አደራ ላይ ከአማራጭ 1 በጣም ይሻላል። «ሰጪው ሲሞት አደራ ይፈርሳል» የሚል ደንብ ያለበት አገር መኖር ማን ይፈልጋል? ልክም አለው፤ ደንቡ ከሚጠይቀው በላይ አይጠይቅም። አልጋው አጠገብ ግን አሁንም ቀዝቃዛ ነው። «የመጣሁት ደንቡ ስለሚል ነው» ማለት «ስላሰላሁ ነው» ከማለት ብዙም አይሞቅም።

የቆየ ተቃውሞም አለበት። አንድ ቀን ደንቡን ማፍረስ ግልጽ በሆነ መንገድ የተሻለ ቢሆንስ? መነሻችሁ ውጤት ከሆነ ያኔ ደንቡን የሙጥኝ ማለት ደንብን ማምለክ ነው ይላሉ ተቺዎቹ። ካፈረሳችሁት ደግሞ ተመልሳችሁ አማራጭ 1 ገባችሁ።

## አማራጭ 3፦ ሁለት ፎቅ

ረዘም ላለ ጊዜ የምቆየው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚኖርበት ይመስለኛልና።

ሪቻርድ ሄር በ1981 የሥነ ምግባር አስተሳሰብን በሁለት ደረጃ ከፈለው። እኔ ቤት አድርጌ ላስበው። ምድር ቤቱ የምንኖርበት ነው። እዚያ ሒሳብ የለም። እናት ትጦራለች፣ ቃል ይጠበቃል፣ ወዳጅ ይጠየቃል። ላይኛው ፎቅ ደግሞ አልፎ አልፎ የምንወጣበት ነው። እዚያ ሆነን ወደታች እናያለን። ይሄ አኗኗሬ በጠቅላላው መልካም ነው? የምለውጠው ልማድ አለ? እኔ ጳጉሜ ላይ እወጣለሁ። አምስት ቀን አለች፣ አንዳንዴም ስድስት። ለዚህ የተሠራች ትመስለኛለች።

ፒተር ሬይልተን በ1984 ይህንን በባልና ሚስት ታሪክ አሳየው። ሁዋንና ሊንዳ በሥራ ምክንያት በተለያየ ከተማ ይኖራሉ። ሊንዳ ከፍቷታል። ሁዋን ከተለመደው ተራቸው ውጭ ትኬት ቆርጦ ሊያያት ይሄዳል። የትኬቱ ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ድርጅቱ ለኦክስፋም ቢሰጥ ለአንድ መንደር የውኃ ጉድጓድ ያስቆፍር ነበር። ታዲያ ተሳስቷል? ሬይልተን እዚህ ላይ ድፍረት አለው። አዎ፣ ያቺ አንዷ ጉዞ በሒሳብ ስሕተት ልትሆን ትችላለች ይላል። ግን እንዲህ ያለ ባል መሆኑ፣ ሚስቱ ስትከፋ ሳያሰላ የሚነሣ ሰው መሆኑ፣ ትክክል ነው። ሰው ሚስቱን እየወደደ በየትኬቱ ካልኩሌተር የሚያወጣ ሊሆን አይችልም። ከሁለት አንዱን ነው የሚሆነው።

ይሄ ለእኔ ቢጤው በደንብ ይገባኛል። አገር ቤት ደርሶ መልስ ትኬት የቆረጠ ሁሉ ሁዋን ነው። ያ ገንዘብ ስንት አጎበር እንደሚሆን አውቃለሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ እልል ስትልም አውቃለሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ ሁለቱን ሳመዛዝን ኖሬ ብደርስ እልልታውን አልሰማውም ነበር።

አልጋው አጠገብ ያለው ፈተና ላይ ይህ አማራጭ ያልፋል። ምድር ቤት ያለው ሰው «ስለ አንተ ብዬ ነው» ይላል፣ እውነቱንም ነው። አደራ ላይም ያልፋል፤ የእትዬን ቃል ሳያሰላ የሚጠብቅ ሰው መሆን ከላይ ሲታይም ጥሩ ነው። ልክ አለው ማለት ይቻላል፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ሆናችሁ ራሳችሁን ካላታለላችሁ።

ሁለት ቀዳዳ ግን አለው። አንደኛው፣ ፍቅራችሁ ቅድመ ሁኔታ አለበት። «እወድሻለሁ፤ ላይኛው ፎቅ እስከፈቀደ ድረስ።» ይህን ሊንዳ ብትሰማ ምን ትላለች? ሬይልተን ሰው ሁሉ ፍቅሩ እንዲህ ዓይነት ወሰን አለው ባይ ነው፤ ሚስቱን ቢወድም ለእሷ ሲል መንደር የሚያቃጥል ጤነኛ የለም። ትክክል ነው። ግን መንደር ማቃጠል ሌላ፣ ጉድጓድ አለመቆፈር ሌላ። ሁለተኛው ቀዳዳ የስንፍና ነው። ምድር ቤቱ ይመቻል። ጳጉሜ ይመጣል፣ ጳጉሜ ያልፋል፣ ደረጃውን የሚወጣ የለም።

## አማራጭ 4፦ የራስን ድርሻ ማስቀረት

ሳሙኤል ሼፍለር በ1982 እንዲህ አለ። ጠቅላላውን ጥቅም ማብዛት መልካም ነው፤ ግን ሰው የራሱን ሕይወትና የሚወዳቸውን ሰዎች ከሌላው አስበልጦ እንዲመዝን ይፈቀድለት። ገደብ የለሽ ፈቃድ አይደለም። የተወሰነ ብልጫ ነው።

ለበጀት የሚመቸው ይሄ ነው። በ2009 ኦክስፎርድ ላይ የተቋቋመው «ጊቪንግ ዋት ዊ ካን» የተባለ የለጋሾች ማኅበር አባላቱን ከገቢያቸው 10 በመቶ ቃል ያስገባል። ለእኛ አሥራት ማለት ነው፤ ተቀባዩ ብቻ ተለየ። የዘካ ሥርዓት ደግሞ የበለጠ ያስገርመኛል። ከቆየ ገንዘብ ላይ 2.5 በመቶ ይወጣል። ብዙዎቹ ሊቃውንት እንደሚሉት ለወላጅና ለልጅ አይሰጥም፤ እነሱን መጦር ቀድሞም ዕዳህ ነውና። ልብ በሉ፤ የእናትና የባዳ ገንዘብ ገና ከመነሻው በሁለት ቋት ነው። ፈላስፎቹ የሚፋጁበትን ጠብ በአንድ የሒሳብ አያያዝ ደንብ አስታርቆታል።

ልክ በማስቀመጥ ከሁሉ ይበልጣል። ቅሬታዬ ቃሉ ላይ ነው። «ይፈቀድልሃል» ይለኛል። እናቴን መጦር የተፈቀደልኝ ነገር ነው እንዴ? ግዴታዬ ነው እንጂ! የእትዬም አደራ እንደዚያው ነው፤ ፈቃድ ብቻ ከሆነ መተውም ይቻላል ማለት ነው።

## አማራጭ 5፦ ዝምድናው ራሱ ምክንያት ነው

ይህኛው ከውጤት ተኮሩ ግቢ ወጥቷል። እናቴን የምጦረው እናቴ ስለሆነች ነው። ነጥብ። ከሥሩ ሌላ ስሌት አትፈልጉ ይላል።

በርናርድ ዊልያምስ በ1976 ያቀረበው ምሳሌ ዝነኛ ነው። ሰውየው ሁለት ሰዎች አደጋ ላይ ወድቀው አየ፤ አንዷ ሚስቱ ናት። ወደ እሷ ሮጠ። ከመሮጡ በፊት «ሚስቴ ናት፤ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሚስትን ማስቀደም ይፈቀዳል» ብሎ ካሰበ አንድ ሐሳብ አበዛ ይላል ዊልያምስ። «ሚስቴ ናት» በቂ ነበር። አማራጭ 4ን ሳነብ ሁሌ ይሄ ይመጣብኛል።

አደራን በተመለከተ ከዊልያምስ ይልቅ ዊልያም ዴቪድ ሮስ ይረዳናል። ሮስ በ1930 ግዴታዎችን ዘረዘረ። ቃል መጠበቅ፣ የበደሉትን መካስ፣ ውለታ መመለስ፣ ፍትሕ፣ በጎ ማድረግ፣ ራስን ማሻሻል፣ ሌላውን አለመጉዳት። ለባዳው ማሰብ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ሌሎቹን ግን አይውጣቸውም። የእትዬ ነገር በሮስ መዝገብ ሁለት ቦታ ይገባል፤ ቃልም ነው፣ ውለታም ነው። እሳቸው መሞታቸው ሁለቱንም አይሰርዝም። የትኛው ግዴታ መቼ እንደሚያይል ግን ሮስ ቀመር አይሰጥም። ማስተዋል ነው ይላል።

ክርክሩ የአውሮፓውያን ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጥንታዊት ቻይና ሞዚ ለሰው ሁሉ እኩል ማሰብን ሰበከ። ሜንሲየስ ደግሞ «ይሄ አባት የለኝም እንደ ማለት ነው» ብሎ ተነሣበት። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆነው።

አደጋው አራተኛው መለኪያ ላይ ነው። ከዚህ አማራጭ እስከ «የእኛ ሰው ይቅደም» ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነው፣ ቁልቁለትም ነው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» የሚለው ተረት ኪስ ውስጥ ሲሆን ደግ ነው፤ ማኅተም ላይ ሲሆን በደል ነው።

## ጎን ለጎን

| አማራጭ | ልክ አለው? | የታመመ ሰው አጠገብ | አደራ | ለባዳ በር | ለማን ይመቻል |
|---|---|---|---|---|---|
| 1. ቀጥታ ስሌት | የለውም | ቀዝቃዛ | የሚያይ ከሌለ ይንሸራተታል | ወለል ብሎ የተከፈተ | የሕዝብ ገንዘብ ለሚመድብ፣ ገቢው ለተረፈ |
| 2. ደንብ | አለው | ቀዝቃዛ | ጠንካራ | ደንቡ ከከፈተው | ለእድር፣ ለማኅበር፣ ለኮሚቴ |
| 3. ሁለት ፎቅ | አለው፣ ራስን ካላታለሉ | ሙቅ፣ ከኋላው «ግን» አለ | ጠንካራ | ደረጃውን ለሚወጣ | በየወሩ ለሚልክ ሰው |
| 4. የራስ ድርሻ | በግልጽ አለው | «ተፈቅዶልኛል» | ደካማ | በተወሰነ መቶኛ | በጀት ለሚያወጣ |
| 5. ዝምድናው ራሱ | በግልጽ አልተቀመጠም | ሙቅ | ከሁሉ ጠንካራ | ጠባብ፣ ጠባቂ ይፈልጋል | ለአስታማሚ፣ ባለ ዕዳ ለሆነ |

«ልክ» የሚለው ዓምድ ላይ አምስተኛው «በግልጽ አልተቀመጠም» የተባለው ዘመድ ስለማያልቅ ነው። በየወሩ አዲስ የአክስት ልጅ ስልኬን ያገኛል።

## እንደ ኪሳችሁና እንደ ቦታችሁ

ወር ሳይደርስ ለሚያልቅበት። ተማሪ ናችሁ፣ ወይም ከእናንተ ሌላ ጧሪ የሌለው ቤት አላችሁ። አምስተኛውን ያዙ፤ ከአራተኛው ደግሞ «በቃ» የምትለውን ቃል ተበደሩ። ማታ ማታ የሰጠመውን ሕፃን እያሰቡ መባነን ለማንም አይጠቅምም። አምስት ዶላር ከተረፈ አንድ አጎበር ነው፤ ካልተረፈ ጉዳዩ የሌሎች ነው።

በወር ሁለት ሦስት መቶ ለሚልክ። እንደ እኔ ማለት ነው። ሦስተኛው ይሻላል፣ ገንዘቡ ግን እንደ አራተኛው በየቋቱ ይቀመጥ። ቋት የምለው ቃል በቃል ነው፤ ባንኩ ውስጥ የተለየ ሒሳብ ክፈቱ። እናትና አጎበር አንድ ቋት ውስጥ ሲጋፉ ሁሌም የሚሸነፈው የማይጮኸው፣ የሩቁ ሕፃን ነው።

ጥሩ ገቢ ላለውና ቤተሰቡ ለቆመ። እናንተ አማራጭ 1ን ፊት ለፊት እዩት። የበጎ አድራጎት ወጪን የሚመረምረው ጊቭዌል የሚመክራቸው ድርጅቶች በአማካይ አንድ ሕይወት የሚያተርፉት ከ3,000 እስከ 5,500 ዶላር ገደማ እንደሆነ ሲገምት ቆይቷል። ለሠርግ ቪዲዮ የሚወጣ ገንዘብ ነው። የእህታችሁን ሠርግ ተዉ አላልኩም። የድሮኑን ቀረጻ ግን እንደገና አስቡት።

ማኅተም ለያዘ። የሰው ኃይል ኃላፊ፣ የቀበሌ ሠራተኛ፣ የስኮላርሺፕ ኮሚቴ አባል። ቢሮ ስትገቡ አምስተኛውን ካፖርታችሁ ኪስ ውስጥ ተዉት። መስኮቱ ላይ የቆመው ሁሉ እንደ አንድ ይቆጠር። የምትሰጡት የራሳችሁን አይደለምና ለማዳላት መብቱ የላችሁም። ጎድዊን የተቃጠለው ቤት ውስጥ ቢሸነፍም እዚህ ያሸንፋል። «የእኔ» የምትለዋ ቃል መስኮቱ ላይ ምንም አስማት የላትም።

የእድር ወይም የእቁብ ገንዘብ ለያዘ። ሁለተኛው። ለክርክር የሚበቃ ነገር የለውም።

ለሚያስታምም። የትኛውንም ንድፈ ሐሳብ አሁን አታንብቡ። አጥሚቱ ይሙቅ።

እኔስ? ለዚህ ወር 130 ለእናቴ፣ 70 ለእትዬ ልጅ፣ 50 ለአጎበር አደረግኩት። አጎበሩ ስምንት ዘጠኝ ያህል ይሆናል። ስሌቱን የሚወድ ሰው አነሰ ይለኛል፣ እኔም አነሰ እላለሁ፤ ጳጉሜ ላይ አየዋለሁ። እናቴን የምጦርበት ምክንያት አምስተኛው ላይ ያለው ነው ብዬ አምናለሁ። የምኖረው ግን ሦስተኛው ውስጥ ነው፤ ደረጃ ከሌለው ቤት ባዳው አይታየኝምና።

ለእትዬ ልጅ ገንዘቡን ልልክ ስል መላኪያው መተግበሪያ «የመላኪያው ምክንያት» የሚል ሳጥን አወጣ። ከዝርዝሩ ካልመረጡ አያሳልፍም። የቤተሰብ ድጋፍ፣ የትምህርት ወጪ፣ ስጦታ፣ የሕክምና ወጪ፣ ሌላ። እስከ ታች ድረስ አወረድኩት። አደራ የሚል የለም። «ሌላ» የሚለውን ነካሁ። «ያብራሩ» አለኝ።